ታፑ ለምን ይሰበራል? መልሱ ስፒንድሉ ላይ ነው

አሮጌ ሚሊንግ ማሽን ወደ ሲኤንሲ የምትቀይሩ ልጆች፣ ሞተርና ድራይቭ ገጥማችሁ "አለቀ" እንዳትሉ። ስፒንድሉ ላይ ኢንኮደር ከሌለ ኮምፒውተሩ "በደቂቃ 500 ዙር" ብሎ ያዛል እንጂ መታዘዙን አያውቅም።

ጉዱ የሚወጣው ጥርስ ስታወጡ ነው። ኤም6 ታፕ ስፒንድሉ አንዴ ሲዞር ልክ 1 ሚሊሜትር መውረድ አለበት። ዜድ ከስፒንድሉ ጋር ካልሄደ ታፑ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ባለ 1024 መስመር ኢንኮደር በአንድ ዙር እስከ 4096 ምት ያስቆጥራል፤ አቅጣጫውንም ይናገራል። ኢንዴክስ የሚባለው ሲግናል ደግሞ በዙር አንዴ እየመጣ መነሻውን ያሳያል። ሊኑክስ ሲኤንሲ ላይ ጂ33.1 ስታዙ ዜድ ይህን እየተከተለ ይወርዳል፣ ስፒንድሉ ሲገለበጥም አብሮት ይወጣል።

የምንመክራችሁ፦

1. ኢንኮደሩን ሞተሩ ላይ ሳይሆን ስፒንድሉ ላይ እሰሩ፤ ካልተመቸ በባለጥርስ ቺንጋ 1 ለ 1 አገናኙት። ተራ ቺንጋ ይንሸራተታል።

2. በደቂቃ 3000 ዙር ላይ በሰከንድ 204,800 ምት ይመጣል። ፓራለል ፖርት ይህን አይችልም፤ የቆጣሪ ካርድ ተጠቀሙ።

3. ስፒንድሉ እስኪቆም ታፑ ትንሽ አልፎ ይወርዳል። ቀዳዳውን ጠለቅ አድርጉት።

መጀመሪያ ግን ያለ ብረት፣ አየር ላይ ሞክሩት!