አንድ አደጋ፣ ሁለት ክስ

የሕግ ትምህርት የሚጀምሩ ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት የሕግን ቅርንጫፎች መለየት ነው፤ የወንጀል፣ የፍትሐ ብሔር፣ የቤተሰብ፣ የሥራ ሕግ እያሉ። የልጅ ልጄ ዘንድሮ ይህንኑ ስለጀመረች ማታ ማታ ደብተሯን ታነብልኛለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ሐረር ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ስሠራ ያየሁት ብዙ ጣጣ እዚያ ደብተር ውስጥ ስም ወጥቶለት አገኘሁት። ለወላጆችም ይጠቅማል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ባጃጅ አንድ ሕፃን ገጭቶ እግሩን ሰበረው እንበል። በማግስቱ ሽማግሌ ይላካል። ሾፌሩ የሕክምናውን ወጪ ይከፍላል፣ እርቅ ይወርዳል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሾፌሩ በዐቃቤ ሕግ ይከሰሳል። «ታርቀን አልነበረም ወይ?» ይላል፤ የልጁ ቤተሰብ የከዳው ይመስለዋል። በዚህ ሰበብ ተኳርፈው ዓመታት ያለፉባቸው ጎረቤታሞች አውቃለሁ።

ማንም ማንንም አልከዳም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ሾፌሩን የሚከሰው መንግሥት ነው። በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚታዩ ቀላል ወንጀሎች አሉ፤ በቸልተኝነት ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለም። እርቁ ቅጣት ለማቅለል ይረዳ ይሆናል እንጂ መዝገቡን አይዘጋም።

ሁለተኛው ክስ የካሣ ነው፤ ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በዚህ ሕግ የመኪና ባለቤት፣ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ድሃ ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሾፌሩ በወንጀሉ ነፃ ቢወጣም የካሣው ጥያቄ አብሮ አይሞትም፤ በወንጀል የሚፈለገው ማስረጃ በካሣ ክርክር ከሚፈለገው የከበደ ነውና። የሦስተኛ ወገን መድን የግዴታ ስለሆነ የመድን ድርጅቱንም መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የልጅ አጥንት እንደ አዋቂ አጥንት አይደለም። ጫፉ አካባቢ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ስብራቱ እዚያ ላይ ካረፈ ዛሬ ደህና የዳነ የሚመስለው እግር ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ወላጆች ግን በሳምንቱ፣ ጄሶው ሳይፈታ፣ «ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። በስምምነት ያለቀ የካሣ ጉዳይ ደግሞ ያስራል፤ በኋላ ልጁ ሲያነክስ መመለሻው ከባድ ነው። እርቁን አልጠላም፤ አገራችን የቆመችው በእርቅ ነው። ፊርማው ግን ሐኪሙ የመጨረሻውን ውጤት እስኪናገር ይቆይ። ዝም ብሎ መጠበቅም አያዋጣም፤ የካሣ ክስ በመደበኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ልጁ እያደገ ነው፣ ሰዓቱም እየቆጠረ ነው። ሁለቱን ይዞ ጠበቃ ማማከር ነው።

የደብተሩ ሌላ ክፍል ስለ ዕድሜ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ፍርድ ቤቱ እንደ አዋቂ አይቀጣውም፤ ሌላ እርምጃ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሥራ ሕግ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። አሥራ ሦስት ያልሞላት ልጅ ያገባ ሰው እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

ጁገል ውስጥ ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ያስቀመጠው ግልጽ ነው፤ የቤተሰብና የግል ጉዳይን በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት «አልፈቅድም፣ መደበኛው ፍርድ ቤት ይየው» የማለት መብት አላት። በቤተ ዘመድ ፊት ይህን መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከጎኗ የሚቆም አንድ ሰው ያስፈልጋታል።

ይህ የዕድሜ ነገር ግን በወረቀት ካልተደገፈ ዋጋ የለውም። «ስንት ዓመቷ ነው?» ሲባል አባት 19፣ አክስት 15 ይላሉ። ያኔ ልጅቷ ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ የእጇ አንጓ ራጅ ይነሣል። ራጁ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ከዚህ እስከዚህ ይሆናል ይላል እንጂ የተወለደችበትን ቀን አይነግርም። በግምቱ መካከል ስንት ሽማግሌና ስንት ጠበቃ እንደሚከራከር አይቻለሁ። ልደት የሚመዘገበው ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ያለፈባችሁም ብትሆኑ ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል ሂዱ፤ ከጤና ተቋም የተሰጣችሁ የልደት ወረቀትና የክትባት ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።