የማያርፍ ፔዳል፦ ፊክስድ ጊር ሳይክል እንዴት ይሠራል?

ከጎፋ ገብርኤል ተነሥቶ በቄራ በኩል ወደ ሜክሲኮ በሳይክል ሥራ የሚገባ ሰው ጠዋት ላቡ ጠብ ይላል፤ ማታ ግን አብዛኛውን መንገድ እግሩን አሳርፎ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናትና ለደቡብ ሰፈር ሰው መሄጃው አቀበት፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ፊክስድ ጊር የሚባለው ሳይክል ይህችን የማታ እረፍት ይወስዳል። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግርም አብሮ።

ነገሩ ያለው የኋላው ጥርስ ላይ ነው። በተለመደው ሳይክል እዚያ ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፉ ትንንሽ ምላሶች አሉ፤ ፍሪ የሚባለው ይኸው ነው። ወደ ፊት ሲረገጥ ምላሶቹ ጥርስ ይነክሱና ቸርኬውን ያዞሩታል። እግር ሲቆም ደግሞ ጥርሱን እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ቁልቁለት ላይ የሚሰማው «ጠጠጠጠ» የእነሱ ድምፅ ነው። ፊክስድ ጊር ላይ ምላስ የለም። ጥርሱ በቀጥታ ቸርኬው መሃል ላይ እንደ ብሎን ይጠብቃል። በላዩ ሌላ ቀለበት ይታሰራል፤ እሱ ግን የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ነጂው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲታገለው ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፤ ቀለበቱ በዚያው አቅጣጫ ስለሚጠብቅ አያስፈታውም። ይህን ያላወቀ ጠጋኝ ቀለበቱን ፈታሁ ሲል ያጠብቀዋል።

ፍጥነት የሚቀነሰው በእግር ነው። መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደሚይዘው ሁሉ፣ እዚህ ሞተሩ የነጂው ጭን ነው። ማርሽ መቀየር ስለሌለ ግን ምርጫው የሚያልቀው ገና ሳይክሉ ሲገጣጠም ነው። ከፊት 48፣ ከኋላ 16 ጥርስ ቢኖር፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ወደ 6.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወረድ እግር በደቂቃ 106 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። አቀበቱ ከብዶ ጥርሱ 42 በ18 ቢደረግ ጠዋት ይቀላል፤ ማታ ግን በዚያው ፍጥነት ዙሩ ወደ 136 ይደርሳል። ጠዋት የተቆጠበውን ማታ መክፈል ነው።

አንዳንዶች እግራቸውን አጥብቀው የኋላውን ጎማ ያስጎትቱታል። በ48 በ16 ጎማው በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር ልክ ሦስት ጊዜ ስለሚዞር፣ ፔዳሉ ሁልጊዜ በአንድ አቋም ላይ ከተያዘ የሚፋተገው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያው ላይ ይበላል። የኋላውን 16 በ17 መለወጥ ብቻ መፋተጉን 17 ቦታ ላይ ይበትነዋል። የአንድ ጥርስ ልዩነት ጎማን እንዲህ ያድናል!

ይህ ሳይክል ቤቱ የውድድር ክብ ሜዳ ነው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የሄደው በፊክስድ ጊር ነበር፤ ቦታውም ሜክሲኮ ነው፣ የእኛው አደባባይ ሳይሆን ዋና ከተማዋ። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፤ የሳሳው አየር ትንፋሽ ቢያሳጥርም ሰውነትን የሚገፋው ንፋስ ይቀንሳል። ልዩነቱ መርክስ ፊት ሚኒባስ አልነበረም።

ሚኒባሱ ድንገት ሲቆም እግር ብቻውን አይበቃም። ሳይክል ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና መሬት መያዙን ያጣል። የእግር ጉልበት ደግሞ የሚደርሰው የኋላው ጎማ ላይ ብቻ ነው። በክረምት የረጠበ ኮብልስቶን ላይ ይብሳል። ስለዚህ «ያለ ፍሬን ነው ውበቱ» የሚለውን ወሬ አልቀበልም፤ የእንግሊዝ ሕግ እንኳ ፊክስድ ጊር መንገድ ላይ ሲወጣ የፊት ፍሬን ያስገድዳል።

ሌሎች ነገሮችም አሉ። መታጠፊያ ላይ ፔዳሉን ማሳረፍ ስለማይቻል አስፋልት ሊነካ ይችላል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ እየረገጡ ከኮርቻው መነሣት ያስፈልጋል። ነጠላ ወይም የሱሪ ጫፍ ካቴና ውስጥ ከገባ እግርን ማቆም አያድንም፤ ጎማው ይጎትተዋል። ካቴናውን በጨርቅ ሲጠርጉም ጎማውን አያሽከርክሩት፣ ጣት የሚቆረጠው እንደዚህ ነው።

በሁለት ወገኑ ጥርስ የሚቀበል ቸርኬ አለ፤ በአንዱ ፊክስድ፣ በሌላው ፍሪ ይገጠምበታል። ለጎፋ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። በ2011 ዓ.ም. እንደተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና የማይገባበት ቀን ሲገኝ በፊክስዱ ይለማመዱ፤ ለሥራ ቀን ቸርኬውን ገልብጠው በፍሪው ይውረዱ። የፊት ፍሬን የሌለውን ግን ከግቢ አያውጡት።