ጎርፍን የሚገታው የሣር አጥር

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚያመራው አውራ ጎዳና የሚያልፍበት አየር ጤና በስሙ አየሩ ቢመሰገንም፣ የአፈሩ ጤንነት ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ተዳፋት ቦታዎች ለቤትና ለመንገድ ሥራ ሲቆረጡ ሣሩ አብሮ ይገፈፋል። እርቃኑን የቀረውን መሬት የክረምቱ ዝናብ እየጠረገ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ደግሞ መድረሻው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይህ ግድብ በ1960ዎቹ ሥራ ያቆመ ሲሆን፣ ለዚህ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ደለል ነበር። ታድሶ እንደገና ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ይኸው ጎዳና በሚያደርስበት በጅማ ግን አፈርን በሣር የማቆየት ልምድ ከተጀመረ ቆይቷል። የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ቬቲቨር የተባለውን ሣር በ1960ዎቹ ወደ አገር ውስጥ አስገብቶ በቡና እርሻዎች እንዲሠራጭ አድርጓል። ኋላም ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ፣ ከገበሬዎች ጋር አስፋፍቶታል። ገበሬዎቹ ሣሩን ለአፈር ጥበቃ ብቻ አልተዉትም፤ ለቤት ክዳንና ለፍራሽ ይውላል፣ ቡና ሲፈላም ይጎዘጎዛል።

የቬቲቨር ሥር ወደ ጎን ሳይሆን ቁልቁል የሚወርድ ሲሆን፣ 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጠልቃል። ዘሩ ስለማይበቅል አረም ይሆናል ተብሎ አይፈራም። የሚተከለው ከእናቱ ሥሩ እንዳለ እየተገነጠለ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው በመስመሩ ምክንያት ነው። ሣሩ ቁልቁለቱን አቋርጦ፣ በገመድና በውሃ ልክ በተለካ መስመር፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ መተከል ይኖርበታል። አጥሩ ሲገጥም ጎርፉ ፍጥነቱን ያጣል፤ የተሸከመውንም አፈር ከሣሩ ጀርባ ያራግፋል፤ ከዓመት ዓመት እርከን ይሆናል። ጥቂት ግንጣዮች ደርቀው ቦታቸው ካልተተካ ግን ውሃው ሁሉ በዚያች ክፍተት ተሰብስቦ ይወጣና ሌላ ቦረቦር ይከፍታል። እንዲህ ያለው አጥር ካለመተከሉ የማይሻልበት ጊዜ አለ።

አየር ጤና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ ሌላም መታሰብ ያለበት ጉዳይ አለ። ቬቲቨር ሙቀት ወዳድ ስለሆነ በብርድ ዕድገቱ ይዘገያል። ለደጋው የሚመቸው ደሾ ሣር ነው። ይህ የጨንጫ ደጋ የራሳችን ሣር ቶሎ አፈር ይሸፍናል፣ ለመኖም ይታጨዳል። ታዲያ ከብት ስለሚወደው ለልቅ ግጦሽ ከተተወ ሥር ሳይሰድ ይነቀላል። ከቬቲቨር ጠንካራ ቅጠል ግን ከብት ብዙም አይደርስም።

ሁለቱንም ለመትከል የሚመረጠው ጊዜ ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ሲርስ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቦታው ከንክኪ ተጠብቆ፣ በተከታዩ ሰኔ የደረቀው ሁሉ በአዲስ ይተካል።