«አንበሳ» በአራት ኪሎ፦ የአንድ ቃል ሦስት ፍቺዎች

አራት ኪሎ የተሰለፈ ተሳፋሪ «አንበሳ መጣ» ቢል የሚሸሽ የለም፤ ሰልፈኛው ወደ አውቶቡሱ በር ይጠጋል እንጂ። በስድስት ኪሎ ግን «አንበሳ ግቢ» ስሙን ያገኘው ከእውነተኛው አውሬ ነው። ሦስተኛው ፍቺ ጀግናን ያመለክታል።

የፍቺዎቹ አመጣጥ ይለያያል። «ጀግና» የሚለው ፍቺ ሰውን ከአውሬው ጋር በማነጻጸር የተገኘ ነው። የአውቶቡሱ ፍቺ ግን የመጣው ከማሳጠር ነው፤ «አንበሳ አውቶቡስ» ከሚለው መጠሪያ ሁለተኛው ቃል ተጥሎ የመጀመሪያው ብቻ ቀርቷል።

ፍቺዎቹን የሚለየው ዐውድ ነው። «አንበሳ አገሣ» አውሬውን፣ «እሷ አንበሳ ናት» ሙገሳን፣ «በአንበሳ ሄደ» መጓጓዣን ያመለክታል፤ በመጨረሻው ምሳሌ መለያው «በ» የተሰኘው መስተዋድድ ነው።

አሻሚነት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እንዳለ አይሻገርም። የእንግሊዝኛው «ማውስ» እንስሳውንም የኮምፒውተር መሣሪያውንም ይጠራል፤ አማርኛ ግን ለእንስሳው «አይጥ»ን ይዞ ለመሣሪያው ብቻ «ማውስ»ን ተውሷል።

ስለዚህ ሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላትም ሆነ በኮምፒውተር የሚሠራ የትርጕም ሥርዐት ለአንድ ቃል አንድ አቻ መስጠቱ አይበቃውም። እያንዳንዱን ፍቺ ከተጓዳኝ ቃላቱ ጋር ካልመዘገበ፣ የአራት ኪሎውን ተሳፋሪ አውሬ ላይ ያስቀምጠዋል።