የሚናበቡ መብራቶች

ሁለት የትራፊክ መብራቶች ተናበቡ የሚባለው እኩል አረንጓዴ ሲያበሩ አይደለም። የሚፈለገው፣ የመጀመሪያው የለቀቃቸው መኪኖች ሁለተኛው ዘንድ ሲደርሱ አረንጓዴ እንዲቀበላቸው ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሁለቱ መስቀለኛ መንገዶች መካከል 400 ሜትር ካለ፣ ሁለተኛው መብራት ከመጀመሪያው 36 ሰከንድ ዘግይቶ መከፈት አለበት። ስሌቱ እንዲህ መብራት በመብራት ሲቀጥል አረንጓዴ ማዕበል የሚባለው ይፈጠራል። ከተቀመጠው ፍጥነት በላይ የሚጋልብ ሹፌር ምንም አያተርፍም፤ ቀድሞ እየደረሰ ቀይ ይይዘዋል።

ለዚህ ግን መብራቶቹ ከአረንጓዴ ተነስተው ወደ አረንጓዴ እስኪመለሱ የሚፈጅባቸው ዙር እኩል፣ ወይም የአንዳንዶቹ ልክ ግማሽ መሆን ይኖርበታል። አንዱ በ80፣ ሌላው በ90 ሰከንድ ከዞረ፣ አሁን የተናበቡት ከጥቂት ዙር በኋላ ይለያያሉ። ዙሩን እኩል ማድረግም ዋጋ ያስከፍላል። ለብቻው ቢሆን 60 ሰከንድ ይበቃው የነበረ ትንሽ መስቀለኛ መንገድ በትልቁ ጎረቤቱ ምክንያት 90 ይዞራል፤ ከጎን የሚመጣ መኪናና ለመሻገር የቆመ እግረኛ ያለጥፋታቸው ይጠብቃሉ።

ዋናው ራስ ምታት የሚመጣው መንገዱ ባለሁለት አቅጣጫ ሲሆን ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ዙሩ 90 ሰከንድ ቢሆን፣ ሁለተኛው መብራት ሲከፈት ወደ መጀመሪያው የተነሳ ተመላሽ መኪና በ36 ሰከንድ ይደርሳል፤ ያ መብራት ግን እንደገና የሚከፈተው በ54ኛው ሰከንድ ነው። ስለዚህ 18 ሰከንድ ይቆማል። ሂያጁም ተመላሹም እኩል የሚመቻቸው ርቀቱ የዙሩን ግማሽ፣ ማለትም 45 ሰከንድ የሚያስኬድ ሲሆን ነው፤ እሱም 500 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከተሞች ግን ሲቆረቆሩ ይህን አላሰቡም። በመሆኑም መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ ጠዋት ወደ መሃል ከተማ ለሚገባው፣ ማታ ለሚወጣው ያደላሉ። ባለአንድ አቅጣጫ በሆኑት የማንሃታን ጎዳናዎች ሥራው ይቀላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1917 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ የስድስት መስቀለኛ መንገዶች መብራቶች ተያይዘው በአንድ የእጅ ማብሪያ ማጥፊያ ይታዘዙ ነበር። በ1960ዎቹ ቶሮንቶ ሥራውን ለኮምፒውተር ሰጠች። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ዴኒስ ሮበርትሰን ትራንዚት የተባለውን የስሌት ፕሮግራም ሠራ። የእሱ ብልሃት፣ ከመብራት አብረው የሚነሱ መኪኖች በመንገድ ላይ እየተበታተኑ እንደሚሄዱ በቀመር ማስገባቱ ነበር። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ጅምላው ይሳሳል፤ እጅግ የተራራቁ መብራቶችን ማናበብም ብዙም አይጠቅም።

አስቀድሞ የተቀመረ ሰዓት ግን ያረጃል፤ አዲስ ገበያ ወይም ትምህርት ቤት ሲከፈት የመኪናው ፍሰት ይለወጣል። መፍትሔው መብራቱ ራሱ እንዲያይ ማድረግ ነበር። በ1970ዎቹ የሲድኒ ከተማ ስካትስ የተባለውን፣ ብሪታንያ ደግሞ በግላስጎው የሞከረችውን ስኩት የተባለ ሥርዓት አበጁ። በስኩት፣ ከመብራቱ ራቅ ብሎ አስፋልት ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ጥቅልል የሚያልፈውን መኪና ይለያል፤ ኮምፒውተሩም ሰልፉ ምን ያህል እንደሚረዝም ገምቶ አረንጓዴውን ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለውጡ የሚመጠነው ድንገተኛ ከሆነ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ነው። ሎስ አንጀለስ ለ1984ቱ ኦሎምፒክ በስታዲየሙ ዙሪያ የጀመረችውን የራሷን ሥርዓት በ2013 በከተማዋ ወዳሉት 4,400 ያህል መብራቶች አዳርሳለች።

ይሁንና መናበብ አስፋልት አይጨምርም። አንድ ረድፍ በአረንጓዴ የሚያሳልፈው በሁለት ሰከንድ አንድ መኪና ገደማ ነው፤ የሚመጣው ከዚያ ሲበልጥ ሰልፉ እስከ ኋለኛው መስቀለኛ መንገድ ተዘርግቶ ያፍነዋል፤ አረንጓዴ ቢበራም የሚኬድበት የለም። ያኔ ስሌቱ ይገለበጣል። የፊተኛው መብራት ከኋለኛው ቀድሞ ተከፍቶ የቆመውን ሰልፍ ማስወጣት አለበት። ዙሪክ ከዚህም አልፋ መብራቶቿን እንደ በር ትጠቀምባቸዋለች፤ መሃል ከተማው መሙላት ሲጀምር ዳር ያሉት መብራቶች መኪኖቹን ውጭ ያቆያሉ፣ ትራሞቹ ግን አረንጓዴ እየተሰጣቸው ያልፋሉ።