የካቲት 23 ማርች ስንት ነው?

የአድዋ በዓል በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 2 ይውላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የታሪክ ትምህርት ግን ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል። «ቲቸር፣ ማንኛው ነው ልክ?» ብሎ እጁን ያወጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ፈተና ላይ የሚመጣው ማርች 1 ነው፤ እሱን ያዝ» የሚል ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርግጥ ማርች 1 ነበር። ፈረንጆቹ ግን መቶኛው ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪዋን ቀን ይዘላሉና በራሳቸው 1900 ላይ ፌብሩዋሪን በ28 ዘጉት። የእኛዋ ጳጉሜን ግን በየአራት ዓመቱ 6 መሆኗን አታቋርጥም። ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 አንድ ቀን ተገፍታ ማርች 2 ላይ ትውላለች። ማብራሪያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ተማሪው ግን የዘመን አቆጣጠር የሰው ሥራ መሆኑን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

«ታሪክ ሽምደዳ ነው» የሚለው እምነት የሚገድለው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። ይህን ስል ግን «ቀን መያዝ አያስፈልግም» የሚለውን አዲስ ፋሽን መደገፌ አይደለም፤ እሱም ሌላ ተረት ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር ውጫሌ ላይ የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ሁለት ወር እንኳ የለም። በዚያው ሰሞን ከብቱን የፈጀው በሽታ አገር እያዳረሰ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ እየገባ ነበር። እነዚህን ቀኖች በቅደም ተከተል ያልያዘ ልጅ፣ ንጉሡ ለምን በዚያ ፍጥነት እንደተዋዋሉ ቢጠየቅ የሚለው ነገር የለውም።

«የዛሬ ልጅ ታሪክ አያውቅም፤ በእኛ ጊዜ ቀረ» የሚለውን የማይል አባት የለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ሁለት አሜሪካውያን፣ ቤልና ማክሎም፣ በቴክሳስ 1,500 ያህል ተማሪዎችን የአገራቸውን ታሪክ ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ። የሁለተኛ ደረጃዎቹ አማካይ ውጤት ከመቶ 33 ነበር። ያኔም የዛሬ ልጅ ተብለው ተወቅሰዋል። እነሱም አድገው ልጆቻቸውን መውቀሳቸው አይቀርም።

ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው ተረት ግን «ለልጅ አንድ የታወቀ ታሪክ ንገረው፤ ሁለት ነገር ካሳየኸው ግራ ይጋባል» የሚለው ነው። የውጫሌው ውል ራሱ ግን ሁለት ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነው። ኢጣሊያ ይህንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለኃያላኑ አሳወቀች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለእንግሊዝና ለጀርመን ሲጽፉ፣ በኢጣሊያ በኩል ይምጡ የሚል መልስ መጣላቸው። ጉዱ የፈላው ያኔ ነው። ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ቀሪውን አድዋ ጨረሰው።

መጽሐፉ ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ይነግረዋል፤ ተማሪውም «አንቀጽ 17» ብሎ ያጠቁራል፣ ነጥቡንም ያገኛል። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ማታለል ነው ወይስ የአስተርጓሚ ስሕተት? በምን ታውቃላችሁ? ማንን እንጠይቅ?» ማለት ግን ሌላ ትምህርት ነው። በዚህ ግራ የተጋባ ልጅ አላየሁም። ሲከራከር ግን አይቻለሁ።

ሳም ዋይንበርግ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ለ8 የታሪክ ምሁራንና ለ8 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሰነዶች ሰጥቶ ነበር። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ሰነዶቹ ስለሚናገሩት ጉዳይ፣ ሙያቸው ሌላ ዘመን ከሆነ ምሁራን የበለጠ ያውቁ ነበር። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ምሁራኑ ሰነዱን ሳያነቡ ዓይናቸው ወደ ታች፣ ማን ጻፈው ወደሚለው ይሄዳል። ተማሪዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እንደተጻፈ ያምኑታል። ማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ ደግሞ በተፈጥሮ የሚመጣ አይደለም፤ ካልተማሩት የለም።

«ሒሳብ ያቃተው ሶሻል ይግባ» የሚለው ተረትስ? ሁለት የሚጋጩ ሰነዶች አምጥተው አንዱን ተጠራጥሮ እንዲያስረዳ ይጠይቁት፤ ቀላል መሆኑን ያኔ ይንገሩኝ።

«አወዛጋቢውን አትንኩ» የሚለው ምክር ግን ከፍርሃት የመጣ ነው፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ ከየቤቱ የተለያየ ቁስል ይዞ በመጣ ተማሪ ፊት አንድ ቃል ቢያዳልጥ መዘዙ ለመምህሩ ነው። ሆኖም መምህሩ ዝም ቢል ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ቡና ላይ የተወራውና ማታ በስልክ የታየው ቪዲዮ አስቀድሞ ገብቶበታል። በዛሬው ጉዳይ መጀመርም ግድ የለም። በውጫሌ «ማን ጻፈው? መቼ? ለማን?» ማለት የለመደ ክፍል፣ ማንም ሳያዘው ያንኑ ጥያቄ ለቪዲዮው ያነሳል። ክርክሩ ከጋለ ደግሞ ደወል አለ።