ዕርቅ በጣሪያ ሥር፦ የዕደ-ጥበብ ባለሙያዎችና የመኖሪያ ጥያቄ በወላይታ

በወላይታ የትኛውም ቤት ቢገባ የሸክላ፣ የብረትና የቆዳ ሥራ ቀድሞ ዓይን ይይዛል። ጀበናው ከምድጃው አጠገብ፣ እንስራው በግድግዳው ጥግ፣ ማረሻና ማጭዱ ከደጃፉ፣ የሚነጠፈው ቁርበት ከመደቡ ላይ ይገኛል። ያለ እነዚህ ዕቃዎች ቤት ቤት አይባልም፤ አርሶ አደሩም አያርስም። ይሁንና ዕቃዎቹን በእጃቸው የሠሩት ሰዎች ለዘመናት ዕቃው በሚገባበት ቤት እንግዳ ሆነው አልተቀመጡም፤ ማዕድ አልተቋደሱም፤ በመንደሩ መካከልም ጎጆ የሚቀልሱበት ቦታ አልነበራቸውም።

ይህ ጽሑፍ የዚህን መገለል ምንነት፣ ከመሬትና ከመኖሪያ ቤት ጋር ያለውን ትስስር፣ እንዲሁም ዛሬ ቤት የሚሠሩ ማኅበራትና የከተማ አስተዳደሮች ለዕርቅ ምን ሊያበረክቱ እንደሚችሉ ያስረዳል።

እነማን ናቸው?

በወላይታ ኅብረተሰብ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ጎሳዎች እንዳሉ ይነገራል፤ እነዚህም ማላ እና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ዐበይት ክፍሎች ይመደባሉ። ከዚህ አደረጃጀት ጎን በሙያቸው የተለዩ ወገኖች ኖረዋል፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ጪናሻ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ወጋቻ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጌላ ይባሉ ነበር። ስያሜዎቹ የሙያ መጠሪያ ቢሆኑም በአነጋገር ውስጥ የስድብነት ጠባይ ስለያዙ ዛሬ በጥንቃቄ ሊነሡ ይገባል።

እነዚህ ወገኖች በቋንቋም በባህልም ከወላይታ ሕዝብ የተለዩ አይደሉም። የሚናገሩት ወላይትኛ ነው፤ የሚያከብሩትም ጊፋታን ነው። የለያቸው ሙያቸውና ሙያው በዘር ይተላለፋል የሚለው እምነት ነው። ከእነርሱ ጋር መጋባት፣ አብሮ መብላትና በአንድ ስፍራ መቀበር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ተመሳሳይ ሁኔታ በከፋ፣ በዳውሮ፣ በጋሞ፣ በከምባታና በሌሎችም የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች በተመራማሪዎች ተጽፏል።

ቤት ያለ ጓሮ

መገለሉ በቤትና በመሬት ላይ ያሳደረውን ጫና ለመረዳት የወላይታን የእርሻ ሥርዓት ማየት ይጠቅማል። የወላይታ ገበሬ መሬቱን በሁለት ከፍሎ ይመለከታል። ከቤቱ አጠገብ ያለው ዳርኩዋ ሲባል ራቅ ያለው ደግሞ ሾቃ ይባላል። ዳርኩዋ የከብት ፍግና የቤት ጥራጊ በየጊዜው የሚፈስበት በመሆኑ አፈሩ እየለማ ይሄዳል፤ እንሰት፣ ቡናና ጎመን የሚበቅሉትም በዚያ ነው። እንሰት ለምግብ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። እንግዲህ እንሰት የሚተክል ሰው ነገ ከዚያ ቦታ እንደማይነሣ እርግጠኛ መሆን አለበት።

የዕደ-ጥበብ ባለሙያው ይህ እርግጠኝነት አልነበረውም። በሌላ ሰው ይዞታ ጫፍ፣ በገደል አፋፍ ወይም በገበያ ዳር በባለመሬቱ ፈቃድ ይቀመጣል። ፈቃዱ በተነሣ ጊዜ ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል። ዳርኩዋ የሌለው ቤተሰብ እንሰት አይኖረውም፤ እንሰት የሌለው ደግሞ በድርቅ ወቅት መጠጊያ አይኖረውም። በዚህ ምክንያት ሸክላ ሠሪዋ ለዕለት ጉርሷ በገበያ ላይ ብቻ ተመርኩዛ ኖረች። ድህነቱ የሥራዋ ውጤት ተደርጎ ቢታይም ምንጩ መሬት መነፈጓ ነበር።

በ1887 ዓ.ም. የወላይታ መንግሥት በዐፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ ንጉሥ ጦና ከተማረኩ በኋላ የገባር ሥርዓት ሲዘረጋ አብዛኛው የወላይታ ገበሬ ራሱ በገዛ ርስቱ ላይ ጭሰኛ ሆነ። መሬቱን የተነጠቀው ገበሬ የደረሰበትን በደል ያውቀዋል፤ ከእርሱ በታች የነበረው የዕደ-ጥበብ ባለሙያ ግን በዚያው ገበሬ ፊት መሬት የለሽ ሆኖ ቀረ።

የ1967ቱ አዋጅና ያልተፈታው ጉዳይ

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ በግል ጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግበት መሬት እንዲሰጠው ደንግጓል። በብዙ አካባቢዎች የዕደ-ጥበብ ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው መሬት ያገኙት በዚህ አዋጅ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት አዛወረ።

ሕጉ መሬት ሰጠ፤ ጉርብትናን ግን ሊሰጥ አልቻለም። የደረሳቸው መሬት ብዙ ጊዜ ጠባብና ለምነት የጎደለው ነበር፤ ቤታቸውም ከመንደሩ ጫፍ አልራቀም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ነዋሪዎች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ350 ሰዎች በላይ ይኖራሉ። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ዘግይቶ የደረሰ ሰው ለልጆቹ የሚያወርሰው አይተርፈውም። ስለዚህ የዕደ-ጥበብ ባለሙያው ልጅ ከሌሎች የአካባቢው ወጣቶች ጋር ወደ ሶዶ፣ ወደ አረካ፣ ወደ ቦዲቲ ያቀናል፤ በዚያም የመኖሪያ ጥያቄው በከተማ መልክ ይመጣበታል።

በትምህርት ቤት፣ በቤተ እምነትና በሥራ ቦታ አብሮ መዋል እየተለመደ በመምጣቱ የቀድሞው መገለል ላልቷል። የመጨረሻዎቹ ድንበሮች ጋብቻና መቃብር ናቸው። ሁለቱም ከመኖሪያ ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ጋብቻ ከጉርብትና፣ ቀብር ከዕድር ይወለዳልና።

ጊፋታ ስለ ዕርቅ የሚያስተምረው

ወላይታ ዕርቅን ከውጭ መቅዳት አያሻውም። መስከረም 14 እና 20 ቀን መካከል በሚውለው እሑድ የሚከበረው ጊፋታ፣ ትርጉሙ በኩር፣ መጀመሪያ ወይም መሻገር የሚል ነው። ከበዓሉ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ዕዳ ያለበት ይከፍላል። ቂምን ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር አይገባም። የሀገር ሽማግሌዎች ባለጉዳዮቹን አስቀምጠው በደሉን በዝርዝር ያስነግራሉ፤ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳ ካለ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም አንድ ማዕድ ይቀርባል።

በዚህ ሥርዓት ቅደም ተከተሉ ትልቅ ቦታ አለው። እውነቱ ሳይነገር ካሳ አይቆረጥም፤ ካሳው ሳይታወቅ ማዕድ አይቀርብም። በዕደ-ጥበብ ባለሙያዎች ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ሲጀመር ይታያል። በበዓል መድረክ ሸክላቸው ለዐውደ ርእይ ይቀርባል፤ ይወደሳል፤ ከመድረኩ ሲወርዱ ግን የት እንደሚያድሩ የሚጠይቅ አይገኝም።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

በአውስትራሊያ የነባሩ ሕዝብ መሬት ለረጅም ጊዜ ባለቤት አልባ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቦ በተባለው የክርክር መዝገብ ይህን አስተሳሰብ ውድቅ አደረገ። በ2008 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ ከቤተሰቦቻቸው በኃይል ለተነጠቁ የነባሩ ሕዝብ ልጆች በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ከ2006 ጀምሮ ተቋማት የዕርቅ የድርጊት መርሐ ግብር እያዘጋጁ ቃላቸውን በጽሑፍ ያኖራሉ። ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት የሚያቀርቡ የማኅበረሰብ ድርጅቶችም ከእነዚህ መካከል ናቸው።

የመርሐ ግብሩ ቁም ነገር ቃሉ በሚለካ ተግባር መታሰሩ ነው፤ ከነባሩ ሕዝብ ስንት ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ቤቶቹ ለማን ይደርሳሉ፣ ተጠያቂው ማን ነው፣ እስከ መቼ ይፈጸማል የሚሉ ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ። የዚያ ሕዝብ ታሪክና የወላይታ ታሪክ አንድ አይደሉም። ሆኖም ቤት የሚሠራ ድርጅት በቆመበት መሬት ላይ ማን እንደተገፋ መጠየቅ አለበት የሚለው ሐሳብ ለሁለቱም ይሠራል።

በአገራችንም ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኮዬ ፈጬ ጉዳይ የተነሣው ተቃውሞ፣ ቤት ማቅረብ ብቻውን ፍትሕን እንደማያሟላ አሳይቷል። ለአንዱ ቤት የሆነው ስፍራ ለሌላው የተነቀለበት እርሻ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ የሚፈቅደው፣ ተግባሩ የሚጠይቀው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች በማኅበራዊ አመጣጣቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 90 የመኖሪያ ቤትን ፖሊሲዎች ሊያተኩሩባቸው ከሚገቡ ማኅበራዊ ዓላማዎች መካከል ያስቀምጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ደግሞ አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። የመኖሪያ ቤት ማኅበራትም የሚመሩት በዚህ መርሕ ነው።

ችግሩ የሚገጥመው መርሑ ወደ መሬት ሲወርድ ነው። የቤት ማኅበር አባላት ብዙ ጊዜ በትውውቅ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በዝምድና ይሰባሰባሉ፤ ከመነሻውም ገንዘብ ይቆጥባሉ። በገበያ ቀን ብቻ ገቢ የምታገኝ ሸክላ ሠሪ ወርኃዊ ቁጠባ ይከብዳታል፤ የሚያስገባት ዘመድም የላትም። ማንም በሩን ሳይዘጋባት ከውጭ ትቀራለች።

ይህን ለመለወጥ የሚጠቅሙ እርምጃዎች ውስብስብ አይደሉም። በመጀመሪያ፣ አንድ ማኅበር ሲደራጅ ከዕደ-ጥበብ ባለሙያዎች ወገን ለሚመጡ አባላት ቦታ መያዙን በመተዳደሪያ ደንቡ ሊያሰፍር፣ ቁጠባውንም ከገበያ ቀን ጋር ሊያስማማ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቤቱ ሥራውን የሚያስችል መሆን አለበት። ሸክላ የሚደርቅበት ጥላ፣ የሚተኮስበት ክፍት ቦታ፣ ለብረት መቀጥቀጫ ከመኝታ የራቀ መጠለያ ያስፈልጋል። እነዚህን ያላገናዘበ ቤት ባለሙያዋን መኖሪያ ሰጥቶ እንጀራዋን ይነሣታል። ሦስተኛ፣ ባለሙያዎቹን ለብቻቸው በአንድ ሰፈር ማስፈር የቀድሞውን የመንደር ጫፍ በከተማ መድገም ስለሚሆን፣ በሰፈሮች ውስጥ ተሰባጥረው እንዲኖሩ ማድረግ ይገባል። አራተኛ፣ በአዲሱ ሰፈር የሚቋቋመው ዕድር ከመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነዋሪ እኩል መመዝገብ ይኖርበታል። አብሮ ያልቀበረ ጎረቤት ገና ጎረቤት አልሆነም።

ዕርቁ የሚታይበት ቀን

ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የግንባታ ሥራ በርክቷል። አዲስ ሰፈር በተቆረሰ ቁጥር ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር እየተወሰነ ነው። ይህ ውሳኔ ዛሬ በጥንቃቄ ካልተሰጠ ለቀጣዩ ትውልድ የሚተላለፍ ድንበር ይሆናል፤ ግድግዳ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ደግሞ ከመሠረቱ ማስተካከል ይበልጥ ያስወጣል።

በጊፋታ ዋዜማ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው በዓሉን በደስታ አያከብርም። ወላይታ ለሸክላ ሠሪዋ፣ ለብረት ቀጥቃጩና ለቆዳ ፋቂው የቆየ ዕዳ አለበት። ክፍያው የሚጀምረው ጀበናዋ በክብር በተቀመጠበት ሰፈር እርሷም በስሟ የተመዘገበ ቤት፣ የምትቆፍረው ጓሮ፣ የቡና ጎረቤትና የዕድር አባልነት ሲኖራት ነው።